ብልሽትን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ የጥገና ጠረጴዛ ለመክፈት ለሚያስቡ የሱቅና የታክሲ ባለቤቶች



በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ከሚኖሩ ወገኖቻችን በተደጋጋሚ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «በአገር ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። አሁን ትንሽ ሱቅ አለኝ። በአንዱ ጥግ የጥገና ጠረጴዛ ብከፍት ያዋጣኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙያውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በአየር ኃይል፣ በቴሌኮሙኒኬሽን ወይም በመርካቶ የሬዲዮ ጥገና ቤቶች ቀስሞ፣ ዛሬ መሪ ጨብጦ ወይም ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ቆሞ የሚውል ሰው ጥቂት አይደለም።

መልሱ ባጭሩ ያዋጣል ነው። የሚያዋጣው ግን ምን እየሸጠ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሒሳብ መዝገብ ስናገላብጥ እንደምናየው፣ የጥገና ጠረጴዛ የሚከስረው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ እጅ አልሠራ ብሎት አይደለም። የሠራበትን ሰዓት ስለማያስከፍልና ስለማይጽፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ብልሽት እንዴት እንደሚገኝ፣ ቀጥሎ የእጅ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ በመጨረሻም ወረቀቱ ከግብርና ከኢሚግሬሽን ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እናያለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አንድ ደንበኛ ድምፅ እያለው ምስል የማያሳይ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ እንበል። ጠጋኙ ክፍሉን አጨልሞ ስክሪኑን በእጅ ባትሪ ከቅርብ ሲያበራበት፣ ምስሉ በጣም ደብዝዞ ይታየዋል። ይህ ማለት ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየሠራ ነው፤ የጠፋው ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት ወይም ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው ማለት ነው። ከፍቶ ሲለካ ከተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሎ ሌሎቹንም አብሮ እንዳጠፋቸው ያገኛል። መለዋወጫው 25 ዶላር ወጣበት፤ ፈልጎ ለማግኘትና ስክሪኑን ሳይሰብር ፈቶ ለመግጠም ሦስት ሰዓት ፈጀበት።

አሁን ይህ ጠጋኝ ይሉኝታ ይዞት «40 ዶላር ይበቃኛል» ቢል፣ ሦስት ሰዓት የሠራው በ15 ዶላር ነው። በሰዓት 5 ዶላር መሆኑ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እንኳ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሰውየው የሸጠው የመሰለው አምፖል ነው። ደንበኛው የፈለገው ግን አምፖል አልነበረም፤ የተበላሸው ምኑ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ሐኪም መድኃኒቱ ርካሽ ስለሆነ ምርመራውን በነፃ አያደርግም። የጥገና ሙያም እንዲሁ ነው።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ በዚህ ሙያ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በአሠራር ቅደም ተከተል ነው። በግምት ዕቃ የሚለዋውጥ ሰው መለዋወጫም ሰዓትም ያባክናል። ሥርዓት ያለው አሠራር የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ ደንበኛውን ጠይቁ። መቼ ጀመረው? ወድቆ ነበር? ውሃ ነክቶታል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው የጠፋው? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? የአምስት ደቂቃ ጥያቄ የአንድ ሰዓት ልኬት ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ቀላሉን አስቀድሙ። አልሞላ ያለ ስልክ ሲመጣ በቅድሚያ የሚታየው የቻርጀሩ መሰኪያ ቀዳዳ ነው። የኪስ ብናኝ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገመዱና ቻርጀሩ፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ቦርዱ መጨረሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከኃይል ምንጩ ጀምሩ። ዕቃው የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ካላገኘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። በኃይል ሰጪው ክፍል ውስጥ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቦርድ ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል።

አራተኛ፣ መንገዱን ከመሐል ክፈሉት። ኤሌክትሪኩ ወይም ድምፁ ከመግቢያ እስከ መውጫ ስምንት ክፍሎች የሚያልፍ ከሆነ፣ ከአንደኛው ጀምሮ አንድ በአንድ መለካት አያስፈልግም። መሐል ላይ ለኩ። እዚያ ደህና ከሆነ ብልሽቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ደህና ካልሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። የቀረውን ግማሽ እንደገና ከመሐሉ ለኩ። በስምንት ክፍሎች መካከል ያለ አንድ ብልሽት በሦስት ልኬት፣ በአሥራ ስድስት ክፍሎች መካከል ያለው ደግሞ በአራት ልኬት ይገኛል።

አምስተኛ፣ «ይህ ለምን ተቃጠለ?» በሉ። የተቃጠለ ፊውዝ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ከጀርባው ሾርት ያደረገ ክፍል ካለ አዲሱም ፊውዝ ይቃጠላል። በቦታው ከፍ ያለ ፊውዝ መክተት ደግሞ የደንበኛን ቤት በእሳት ማያያዝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በጥገናም የቸኮለ ሰው ያንኑ ዕቃ በሳምንቱ በነፃ ይሠራዋል። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ለጥቂት ሰዓታት አብርታችሁ ፈትኑት።

ሙያውን ከብዙ ዓመት በፊት ለተማሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከጁላይ 2006 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ እርሳስ ያለበትን የብየዳ ብረት ስለከለከለ፣ ዓለም አቀፍ አምራቾች በብዛት ወደ እርሳስ አልባው ዞረዋል። የድሮው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጥ ነበር፤ የአሁኑ 217 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። በአሮጌው ካውያና በአሮጌው ልምድ የተሠራ ብየዳ ቦርዱን ሊያነሳው ወይም ሳይዝ ሊቀር ይችላል። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ካውያ መግዛት ግዴታ ነው።

ለታክሲ ባለቤቶች

ይኸው ዘዴ ለመኪናም ይሠራል። ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ አዲስ ባትሪ አያስፈልገውም። በርካሽ ቴስተር ለኩ። መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው በመሠረቱ እየሞላ ነው። ሞተሩ እየሠራም ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞውን፣ ቺንጋውንና ገመዶቹን መርምሩ። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ግን ኃይል ለመቆጠብ ቮልቴጁን ራሳቸው ስለሚቀንሱ፣ ከመወሰናችሁ በፊት የመኪናውን መመሪያ ተመልከቱ።

ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ሆኖ ሌሊቱን የሚያልቅ ከሆነ አንድ ነገር ኃይል እየሰረቀ ነው። በታክሲ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠሩት በኋላ የተገጠሙት ናቸው፤ ካሜራ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የካርድ ማንበቢያና የመሳሰሉት። መኪናው ተዘግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የሚፈሰው ኃይል በአብዛኛው ከ50 ሚሊ አምፒር በታች መሆን አለበት። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቴስተሩን ማየት ነው። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደወረደ ካወቃችሁ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን አትንኩ። አንደኛው የታክሲው ሜትር ነው። ሜትሩ በከተማው ወይም በስቴቱ ተቆጣጣሪ የታሸገ በመሆኑ ማኅተሙን የሚሰብር ሰው ፈቃዱን ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለተኛው በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ያሉት ብርቱካናማ ገመዶች ናቸው። እነዚህ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚይዙ ልዩ ሥልጠናና ልዩ ጓንት ይፈልጋሉ።

ሕይወት አይገዛም

ማይክሮዌቭ ምድጃ ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይና ሊገድል ይችላል። የቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር ኃይል ሰጪ ክፍሎች ውስጥ ከ170 እስከ 400 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ተከማችቶ ይገኛል። ያበጠ የስልክ ባትሪ ከተወጋ በእሳት ይነዳል፤ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም። ይህን ለማያውቅ ዘመድ ጠረጴዛውን ለአንድ ቀን እንኳ አደራ አትስጡ።

የእጅ ዋጋ እንዴት ይተመናል?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የጠረጴዛው የቤት ኪራይ ድርሻ በወር 1,500 ዶላር፣ መብራት፣ ስልክና ኢንሹራንስ 500፣ መሣሪያና የተበላሸ መለዋወጫ 200 ይሁን። ለኑሮአችሁ 3,600፣ ለግብር የሚቀመጥ ደግሞ 1,000 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ድምሩ 6,800 ዶላር ነው።

በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትቀመጡ 200 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግን ደንበኛ ማነጋገር፣ መለዋወጫ ማዘዝና ጠረጴዛ መጥረግ አለ። ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት ግማሹ፣ ማለት 100 ሰዓት ነው ብለን እንያዝ። 6,800ን ለ100 ስናካፍል 68 ዶላር ይመጣል። የሰዓቱ ዋጋ ይህ ነው። ባለሦስት ሰዓቱ ቴሌቪዥን እንግዲህ የእጅ ዋጋው ብቻ 204 ዶላር ነው።

«በዚህ ዋጋ ማን ያሠራል?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ አዲሱ በ250 ዶላር የሚሸጥ ከሆነ ማንም አያሠራም፤ ማሠራትም የለበትም። ስሌቱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። የትኛውን ሥራ መቀበል፣ የትኛውን በአክብሮት መመለስ እንዳለብን ይነግረናል። ብዙ ጠጋኞች የሚከተሉት ልማድ፣ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ለደንበኛው በግልጽ መንገር ነው።

ይህን ውሳኔ ላይ ለመድረስ ግን መመርመር ያስፈልጋል፤ ምርመራውም ሰዓት ነው። ስለዚህ ለምርመራ የተቆረጠ ዋጋ አውጡ፤ ለምሳሌ 40 ዶላር። በግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ዕቃውን ስትቀበሉም በቃል ንገሩ። ደንበኛው ለማሠራት ከተስማማ ከጠቅላላው ሒሳብ ይታሰብለት፤ ካልተስማማ የምርመራውን ከፍሎ ዕቃውን ይውሰድ። የአገር ልጅ ሲመጣ ይሉኝታው እንደሚከብድ እናውቃለን። ቅናሽ ማድረግ ከፈለጋችሁ አድርጉ፤ ነገር ግን ሙሉ ዋጋውን ጽፋችሁ ቅናሹን ከሥሩ አስፍሩ። ያኔ እናንተም የሰጣችሁትን፣ እርሱም የተቀበለውን ያውቃል።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ለጥገና ሱቅ የተነገረ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ዕቃ በሁለት ቅጂ የሚፈረም ወረቀት ይኑር። በላዩ የደንበኛው ስምና ስልክ፣ የዕቃው ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ፣ አብሮት የተረከባችሁት ገመድ ወይም ሪሞት፣ የምርመራው ክፍያ፣ ደንበኛው ሳይጠየቅ እንዲሠራለት የፈቀደው ከፍተኛ ዋጋና የጥገናው ዋስትና ጊዜ ይጻፍ። ስንጥቅ ካለው ስንጥቁን ጻፉ፤ አለዚያ የተሰነጠቀው በእናንተ እጅ ነው መባሉ አይቀርም።

ስልክ ስትቀበሉ የባለቤትነት ማስረጃ ጠይቁ። የተሰረቀ ስልክ የሚከፍት ሱቅ ይዋል ይደር እንጂ ፖሊስ ይጎበኘዋል። የሰው ፎቶና መልእክት መክፈት ደግሞ ሙያውን የሚያዋርድ ከመሆኑም በላይ በሕግ ያስጠይቃል። ሳይወሰድ የቀረን ዕቃም በገዛ ፈቃዳችሁ አትሽጡ፤ ስንት ቀን መጠበቅና እንዴት ማስታወቅ እንዳለባችሁ የስቴታችሁ ሕግ ይወስናል። እንዲሁም ተራው የሱቅ ኢንሹራንስ በእጃችሁ ያለውን የደንበኛ ዕቃ ላይሸፍን ስለሚችል ወኪሉን ይህንኑ ለይታችሁ ጠይቁት።

ፈቃድ፣ የሽያጭ ታክስና አዲሶቹ ሕጎች

ፈቃድ እንደየስቴቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በስቴቱ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። የሽያጭ ታክስም እንዲሁ ነው። በቴክሳስ፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ስቴት የጥገና የእጅ ዋጋም ታክስ ይከፈልበታል። በካሊፎርኒያ በጥገና የእጅ ዋጋ ላይ አይከፈልም። በቨርጂኒያ የእጅ ዋጋው ከመለዋወጫው ተለይቶ ከተጻፈ ነፃ ነው። «ጠቅላላ 150 ዶላር» ብሎ መጻፍና «መለዋወጫ 50፣ የእጅ ዋጋ 100» ብሎ መጻፍ በገንዘብ ልዩነት አላቸው። ለደንበኛ የምትገጥሙትን መለዋወጫ ያለ ታክስ ለመግዛት የሚያስችል የዳግም ሽያጭ ወረቀትም ከስቴታችሁ ጠይቁ።

በሕግ በኩል ነፋሱ ወደ ጠጋኙ ዞሯል። በ1975 የወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ አምራቹ ዕቃው በሌላ ሱቅ ስለተጠገነ ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል። የኒውዮርክ የጥገና መብት ሕግ በ2023 መጨረሻ፣ የካሊፎርኒያና የሚኒሶታ ደግሞ በጁላይ 2024 ሥራ ላይ ውለዋል። በእነዚህ ሕጎች የሚሸፈኑ ዕቃዎች አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና መመሪያ ለነፃ ጠጋኞች በተገቢ ዋጋ እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። የኦሪገን ሕግ ከ2025 ጀምሮ፣ በአምራቹ ሶፍትዌር ካልተፈቀደ በቀር የተቀየረው መለዋወጫ እንዳይሠራ ማድረግን ጭምር ከልክሏል።

ግብርና ኢሚግሬሽን

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ከወጪ በኋላ በዓመት የተረፈው 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 ከመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አለበት። በዓመቱ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ግብር ይደርስብኛል ብሎ የሚያስብ ሰው በአብዛኛው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 በየጊዜው መክፈል ይገባዋል። በአንጻሩ ካውያው፣ ቴስተሩ፣ ኪራዩና መለዋወጫው ሁሉ ደረሰኝ እስካላቸው ድረስ ከገቢ ይቀነሳሉ። አንዱ ዕቃ ከ2,500 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በምርጫችሁ በአንድ ዓመት ሙሉውን መቀነስ ይቻላል።

ጥገና በጥሬ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ በመሆኑ «ይህቺን ሳንጽፋት ብንቀር ማን ያያል?» የሚል ፈተና አለ። ሕገ ወጥ ነው፤ የሚያስከትለውም ቅጣት ብቻ አይደለም። ባለቤታችሁን ወይም እናታችሁን ለማምጣት ስትጠይቁ አይ 864 የተባለውን የድጋፍ ቃል መሙላት አለባችሁ። በዚያ ላይ ገቢያችሁ በአብዛኛው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት መለኪያ 125 ከመቶ መድረስ አለበት። በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ይህን የሚያስረዳው በግብር ወረቀቱ ነው። በዓመት 50,000 ዶላር አትርፎ 15,000 ብቻ ያስመዘገበ ሰው በኢሚግሬሽን ፊት የ15,000 ዶላር ሰው ነው። ከዚያ በኋላ «በእርግጥ ከዚህ በላይ አገኛለሁ» ማለት ራስን መክሰስ ነው። የቀረው ተባባሪ ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት ይሆናል። የዜግነት ማመልከቻውም ግብር ሳያስታውቁ ስለመቅረትና ስለ ግብር ዕዳ ይጠይቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያለፉ ዓመታት ጉድለት ካለ አሁኑኑ ባለሙያ አማክሩና አስተካክሉ።

ከዚህም ሌላ በተማሪ ቪዛ ወይም በአሠሪ ስም በተሰጠ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው የራሱን ጠረጴዛ ከመክፈቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ረዳት ስትቀጥሩም፣ የአጎት ልጅ ቢሆን እንኳ፣ የሥራ ፈቃዱን አይታችሁ አይ 9 የተባለውን ቅጽ ሙሉ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ለአንድ ወር ይህን ሞክሩ። ለወዳጅ ዘመድ የምትጠግኑትን እያንዳንዱን ዕቃ በደብተር ላይ አስፍሩ፤ ምን እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ መለዋወጫው ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደተቀበላችሁ። በወሩ መጨረሻ መለዋወጫውን ቀንሳችሁ የቀረውን ለሰዓቱ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ከራሳችሁ የሰዓት ዋጋ ምን ያህል እንደሚያንስ ታያላችሁ። የትኛው ዓይነት ሥራ ቶሎ እንደሚያልቅና እንደሚከፍል፣ የትኛው ደግሞ ቀኑን እንደሚበላም ደብተሩ ይነግራችኋል። ኪራይ የምትፈርሙት ያንን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታና የእያንዳንዱ ስቴት ሕግ ስለሚለያይ፣ ከመወሰናችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ አማክሩ። መልካም ሥራ።